የይዋስፍ አባት፤ ከህንድ እስከ ቀየት ስለተጓዘ አንድ ታሪክ

መንደርደሪያ

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ የመርሐ ቤቴ ገበሬ እኔ ወደማስተምርበት የትምህርት ክፍል መጡ። ልጃቸው የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን ነበር። የዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ግን አልተመዘገበም። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ዘንድ የተገኘችው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነበረች። «ወደ ገዳም ሄጃለሁ፤ አትፈልጉኝ» ትላለች። አባትየው ወረቀቷን ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «መምህር፣ ልጆቹ እንደነገሩኝ ይህን ልጅ የወሰደብኝ እርስዎ ያስተማሩት መጽሐፍ ነው። እስቲ ምን እንደሚል ለእኔም ይንገሩኝ» አሉኝ። በቁጣ የተናገሩት አልነበረም፤ ለማወቅ ፈልገው ነው።

መጽሐፉ «በረላም ወይዋስፍ» ነው። ስለ ትርጉም ሥነ ጽሑፍ በምሰጠው ኮርስ ውስጥ ስድስት ዓመት ያህል አስተምሬዋለሁ። ስለዚህ በክፍል ውስጥ እንደለመድሁት ከየት እንደመጣ፣ በማን እንደተተረጐመ፣ ይዋስፍ የተባለው የንጉሥ ልጅ ዓለምን እንዴት እንደናቀ አስረዳኋቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «አባትየውስ ምን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከተማሪዎቼ መካከል ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው። ዓላማውም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከህንድ የተነሣው የምናኔ ታሪክ ከአገር አገር በተሻገረ ቍጥር በቤት የቀረው አባት ስፍራ እንዴት እንደተለወጠ ማመልከት ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ለውጥ ቀየት በሚባለው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ደጋ ካለው የገዳም ኑሮ፣ በተለይም ገዳም ሄዶ ከመሳለም ልማድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማየት ነው።

መጽሐፉ የመጣበት መንገድ

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ክርስቲያኖችን ያሳድድ ለነበረ አንድ የህንድ ንጉሥ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ከተጠሩት ኮከብ ቈጣሪዎች አንዱ ይህ ልጅ የሚከብረው በአባቱ መንግሥት ሳይሆን በሌላ መንግሥት መሆኑን ተናገረ። ንጉሡም ደንግጦ ሕፃኑን በተዋበ ቤተ መንግሥት ውስጥ አኖረው። ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ፣ ወሬያቸውንም እንዳይሰማ አዘዘ። ልጁ አድጎ አባቱን አስፈቅዶ ሲወጣ ግን በሽተኛና ዕውር፣ ቀጥሎም በእርጅና የጐበጠ ሽማግሌ አየ። ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣ። በረላም የተባለ ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ፣ ዋጋው የማይተመን ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ገባና በምሳሌ እያስተማረ አጠመቀው።

የቡድሃን የሕይወት ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህ ትልም አዲስ አይሆንበትም። በዛሬዋ ኔፓል ውስጥ በምትገኘው ሉምቢኒ እንደተወለደ የሚነገርለት ሲድሃርታ ጎታማም ወይ ታላቅ ንጉሥ ወይ ዓለምን የናቀ መምህር ይሆናል ተብሎ ትንቢት የተነገረለት መስፍን ነበር። አባቱ ሱዶዳና በቤተ መንግሥት ምቾት ከበበው። እርሱ ግን ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ፣ ሬሳ፣ በመጨረሻም መናኝ አየና ሌሊት ቤቱን ትቶ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ እስከ ግእዙ መጽሐፍ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ታሪኩ በመካከለኛው እስያና በፋርስ በኩል አልፎ በአባሲድ ኸሊፋዎች ዘመን በዓረብኛ ተጻፈ። ከዓረብኛው ወደ ጆርጂያ ቋንቋ ተሻገረ፤ የክርስቲያን ታሪክ የሆነውም እዚያ ነው። ከጆርጂያኛው ወደ ግሪክኛ የመለሰው በ1028 እ.ኤ.አ. ያረፈው የአቶስ ተራራ መነኵሴ ኤውቲሚዮስ እንደሆነ የዛሬ ሊቃውንት ይቀበላሉ፤ ቀደም ሲል ግን የዮሐንስ ዘደማስቆ ድርሰት ነው ሲባል ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ከግሪክኛው ወደ ላቲንና ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ክርስቲያኖች ዓረብኛ ተተረጐመ።

የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ራሱ የመንገዱ ምስክር ነው። የህንዱ «ቦዲሳትቫ» በዓረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዓረብኛ ጽሕፈት «በ» እና «የ» በቃል መነሻ ላይ ሲገኙ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሁለት ነጥብ ከሥሩ ይደረጋል። አንዲት ነጥብ በመጨመሯ «ቡዳሳፍ» «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ። ግሪኮች «ዮአሳፍ» አሉት፤ የእኛ ተርጓሚ «ይዋስፍ» አለው። በዚህ መንገድ ቡድሃ በምሥራቅም በምዕራብም አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳን ተቈጥሮ ሲታሰብ ኖረ። የሁለቱን ታሪኮች መመሳሰል ፖርቱጋላዊው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮጎ ዶ ኮውቶ በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶታል፤ በምርምር የተረጋገጠው ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው።

ወደ ግእዝ የመለሰው አባ ዕንባቆም ነው። በትውልዱ የመናዊ፣ በሹመቱ የደብረ ሊባኖስ ዕጨጌ የነበረው ይህ ሊቅ መጽሐፉን ከዓረብኛ የተረጐመው በ1553 እ.ኤ.አ. በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ነው። ዘመኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደብረ ሊባኖስ በ1531 እ.ኤ.አ. በግራኝ አሕመድ ሠራዊት ተቃጥሏል። ዕንባቆም ራሱ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ክርክር የጻፈው ለግራኝ ነው። በ1553 ግራኝ ከሞተ ገና ዐሥር ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ በእጃችን የገባው አገሩ ከጦርነት ባልጠገገበት፣ አባት ልጁን፣ ልጅ አባቱን ባጣበት ዘመን ነው። የግእዙን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ያሳተመው ዋሊስ በጅ ነው፤ በ1923 እ.ኤ.አ. በሁለት ቅጽ በካምብሪጅ ወጥቷል።

እስከዚህ ያለውን በክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተማሪው ይህን ሁሉ በፈተና ወረቀቱ ላይ በትክክል ጽፎ ነበር።

ሦስት አባቶች

አሁን ወደ ገበሬው ጥያቄ እንመለስ። አባትየው ምን ሆነ?

በመጀመሪያ የህንዱን እንመልከት። የጥንት ህንዶች የሰውን ዕድሜ በአራት ደረጃ የሚከፍል ሥርዓት ነበራቸው፤ ሲወራረድም እስከ ዛሬ ደርሷል። ሰው በመጀመሪያ ተማሪ ነው፤ ቀጥሎ ጐጆ ወጥቶ ልጅ ይወልዳል፤ ጠጉሩ ሲሸብትና የልጅ ልጅ ሲያይ ወደ ጫካ ገለል ይላል፤ በመጨረሻም ሁሉን ትቶ ይመንናል። እንግዲህ ምናኔ በዚያ አገር ነውር አልነበረም፤ ነገር ግን ተራ ነበረው። ሲድሃርታ ያፈረሰው ይህን ተራ ነው። የወጣው በጕልምስናው፣ ሚስቱ ራሁላ የተባለ ወንድ ልጅ በወለደችለት ጊዜ ነው።

ታሪኩ ግን በዚያ ሌሊት አያበቃም። በቡድሂስቶች የመነኰሳት ሥርዓት መጽሐፍ እንደተጻፈው፣ ቡድሃ መምህር ከሆነ በኋላ ወደ አባቱ ከተማ ተመለሰ። ትንሹ ራሁላ ተከትሎት «ርስቴን ስጠኝ» ቢለው የሰጠው የመነኰሳትን ሥርዓት ሆነ፤ ልጁ መነኰሰ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሱዶዳና ወደ ልጁ ሄዶ፣ አንተ ስትሄድ ብዙ አዝኜ ነበር፤ አሁን የልጅ ልጄም ሄደ፤ የልጅ ፍቅር ከቆዳ አልፎ አጥንትና ቅልጥም ድረስ ይዘልቃል፤ ከእንግዲህ ያለ ወላጅ ፈቃድ ማንም እንዳይመነኵስ እዘዝልኝ ሲል ለመነ። ቡድሃም አዘዘ። ያ ትእዛዝ ዛሬም በቡድሂስት ገዳማት የሚጠበቅ ሕግ ነው። የአንድ አያት ኀዘን ለሃይማኖት ሕግ ሆኖ መቅረቱ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ሁለተኛው አባት የይዋስፍ አባት ነው። በክርስቲያኑ መጽሐፍ ውስጥ ይዋስፍ ከተጠመቀ በኋላ ወዲያው ወደ በረሃ አይሄድም። አባቱ ይቈጣል፤ ያባብለዋል፤ ጠቢባን ያከራክርበታል፤ በሴት ያስፈትነዋል። በመጨረሻም መንግሥቱን ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን ይሰጠዋል። ልጁ በድርሻው ላይ በመልካም ሲገዛ አባትየው ያያል፤ ልቡ ይመለሳል፤ ይጠመቃል፤ በንስሓም ይሞታል። ይዋስፍ አባቱን ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ መንግሥቱን ለሌላ ሰው ካስረከበ በኋላ ነው ዘውዱን ጥሎ በረላምን ፍለጋ ወደ በረሃ የሚወጣው። የህንዱ መስፍን ልጁን በአራስ ቤት ትቶ ሌሊት ሲወጣ፣ የክርስቲያኑ መስፍን አባቱ እስኪሞት ይጠብቃል። ሁለቱን ታሪኮች የሚያነጻጽሩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኵሩት በሚመሳሰሉበት ላይ ነው። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ነገር ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ታሪኩን የተቀበሉት ክርስቲያኖች «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ ከምናኔው ጋር ማስታረቅ ነበረባቸው። ያስታረቁትም ለአባትየው ጊዜ በመስጠት ነው።

ሦስተኛው አባት በአገራችን ከይዋስፍ አባት ይልቅ የታወቀ ነው። እርሱም በጥቅምት 14 የሚታሰበው የገብረ ክርስቶስ አባት ነው። ገብረ ክርስቶስ የቍስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ ወጣ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ወደ አባቱ ደጅ ተመልሶ ከለማኞች ጋር ተቀመጠ። አባቱ በየዕለቱ ሲወጣና ሲገባ ያየዋል፤ ልጁ መሆኑን ግን አያውቅም። ማንነቱ የተገለጠው ከሞተ በኋላ፣ በእጁ ከተገኘው ጽሕፈት ነው። እዚህ ላይ ልጁ ከቤቱ ርቆ አልሄደም፤ ደጅ ላይ ነው። አባቱ ግን ከሱዶዳናና ከይዋስፍ አባት ይልቅ ተጐድቷል፤ ምክንያቱም ልጁን በዐይኑ እያየ አላገኘውም።

ሱዶዳና ሕግ አገኘ፤ የይዋስፍ አባት ጊዜ አገኘ፤ የገብረ ክርስቶስ አባት ወረቀት አገኘ። ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቷን ያኖሩት ገበሬ ከሦስቱ የማንኛው ዕጣ እንደሚደርሳቸው በዚያን ጊዜ አላወቅሁም።

የቀየት መንገድ

በዚያው ዓመት በጥር፣ እህል ከተወቃና ከገባ በኋላ፣ እኒሁ አባት ልጃቸውን ፍለጋ ሲነሡ አብሬያቸው ሄድሁ። ከይሉኝታ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉን ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ የሚኖርበትን አገር ግን አላውቀውም ነበር።

መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ያለ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የትውልድ አገር ነው። ከጀማ ሸለቆ ወዲህ ማዶ ደብረ ሊባኖስ ይገኛል። ስለዚህ ዕንባቆም የተሾመበት ገዳምና የተማሪያችን መንደር ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል። እኛ ግን ፍለጋውን የጀመርነው በሌላው ወገን፣ በደብረ ብርሃን በኩል ነው። «ሰው ከሚበዛበት እንጀምር» ስላሉ መጀመሪያ በሰላ ድንጋይ አጠገብ ወዳለው ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሄድን። ለጠበል የመጣው ሕዝብ ብዙ ነበር። አባትየው በየሰልፉ እየገቡ የልጁን መልክ ይናገራሉ፤ የሰሙት ሁሉ «እመቤታችን ታገናኝዎ» ይላሉ። ከዚያ በሞላሌ አድርገን ወደ መሐል ሜዳ አመራን።

በአውቶቡሱ ውስጥ መጽሐፉን እንድተርክላቸው ጠየቁኝ። በረላም ከተናገራቸው ምሳሌዎች አንዱን መረጥሁ። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አንድ ቀንድ ካለው አውሬ ሲሸሽ ጕድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ሲወድቅም የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል። ቍልቍል ቢያይ ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ የዛፉን ሥር ደግሞ አንድ ነጭና አንድ ጥቍር አይጥ ይግጡታል። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ ማር ሲንጠባጠብ አይቶ ሁሉን ረስቶ መላስ ጀመረ። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ማሩ የዚህ ዓለም ጣዕም ነው። ምሳሌው ከህንድ መጻሕፍት የተገኘ፣ በማሃባራታ ውስጥም ያለ ነው። አባትየው ንብ ያነባሉ። ጥቂት አሰቡና፣ «መምህር፣ ሰውየውን ሞኝ ነው አሉ። ማሩ ባይኖር ግን ያን ቅርንጫፍ ያን ያህል ጊዜ ጨብጦ ይቆይ ነበር?» አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን ከመጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

መንዝ ብርዳማ ደጋ ነው፤ ገብሱ፣ በጉ፣ ከበጉ ጠጉር የሚሠራው ባናና ዝተት የታወቀ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ የአማራን ባህል ሲያጠና ለዚህ አገር ሰፊ ስፍራ የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የእኔን ዐይን የያዘው ግን አንድ ነገር ነው። በየመንደሩ ቆብ የደፉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ታገኛላችሁ። ልጆቻቸውን ድረው፣ መሬታቸውን አካፍለው፣ የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረው ሲያበቁ መንኵሰዋል፤ የሚኖሩት ግን ከልጆቻቸው ደጅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። ከላይ የጠቀስሁት የህንዶች የዕድሜ ሥርዓት እዚህ ያለ መጽሐፍ በኑሮ ይታያል። ቀየት ምናኔን ያከብራል፤ ተራውን ሲጠብቅ ደግሞ አብልጦ ያከብረዋል። የወጣት ምናኔ ግን እናት ታስለቅሳለች፤ አባትን ከመርሐ ቤቴ መንዝ ታደርሳለች።

ጥር 27 ቀን የመድኃኔ ዓለም ዕለት አርባራ መድኃኔ ዓለም ደረስን። አርባራ የዋሻ ገዳም ነው። በዋሻው ውስጥ ያሉትን ሳይፈርሱ የደረቁ አስከሬኖች ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ብዙ ነው። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ነበር። አባትየው ጫማቸውን አውልቀው፣ ደጁን ተሳልመው ገቡ። አስከሬኖቹን ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩና ቀስ ብለው፣ «የማን ልጆች ይሆኑ?» አሉ። ደብተሬን መልሼ ከተትሁት።

በመሳለምና በመጐብኘት መካከል ያለው ልዩነት እዚያ ላይ ነው የገባኝ። ጐብኚ የሚጠይቀው ይህ ምንድን ነው፣ ስንት ዘመኑ ነው ብሎ ነው። ተሳላሚ የሚጠይቀው የማን ነው ብሎ ነው። ህንድ አገር የተማረ ባልደረባዬ ቡድሃ ብርሃን አገኘባት ወደሚባልባት ወደ ቦድጋያ ሄዶ በነበረ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር አጫውቶኛል። ጫማቸውን አውልቀው ቤተ መቅደሱን የሚዞሩት አረጋውያን ለድንጋዩ ሥራ ጥበብ ብዙም ደንታ የላቸውም፤ የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ይሰግዳሉ። ከሁለት ሺሕ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ንጉሥ አሾካ ሉምቢኒን ተሳልሞ የድንጋይ ዓምድ ያስተከለ ጊዜም፣ በዓምዱ ላይ ያስጻፈው ቡድሃ እዚህ እንደተወለደና ለመንደሩ ሰዎች ግብር እንደቀነሰላቸው ነው። ስለ ቡድሃ ትምህርት አንድ ቃል የለበትም። የተጻፈው ልጁ የተወለደበት ስፍራና በዚያ የቀሩት ሰዎች ጕዳይ ነው።

ልጁ አርባራ አልነበረም። ወሬውን ያገኘነው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ስሙን ከማልጠቅሰው፣ ገደል ውስጥ ካለ አንድ ገዳም ነው። በር ላይ ቆመን ሳለ አንድ አረጋዊ መነኵሴ ወጡ። አባትየው ጐንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙና የመጡበትን ነገሩ። መነኵሴው፣ «አለ፤ ረድእ ሆኖ ውኃ ይቀዳል። ገና በአመክሮ ላይ ነው። አባትህ ሳያውቅ የመጣህ ከሆነ አናመነኵስህም፤ ሄደህ ተሰናብተህ ና ብዬው ነበር። ፈራ መሰለኝ» አሉ። ሱዶዳና ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ቀድሞ የለመነው ሕግ በመንዝ ገደል ውስጥ እንዲህ ሆኖ ጠበቀን። ከህንድ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ልጅ የሄደበት አባት በየትኛውም አገር የሚጠይቀው ተመሳሳይ ስለሆነ፣ የሚሰጠውም መልስ ይመሳሰላል።

ልጁ እንስራ ተሸክሞ መጣ። አባቱን ሲያይ እንስራውን አውርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። እርሳቸውም አንሥተው ሳሙት፤ ምንም አልተናገሩም። ስንቃቸውን ፈትተው በሶና ዳቦ ቆሎ አወጡ፤ መጀመሪያ ለመነኵሴው፣ ቀጥሎ ለእርሱ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡ። ከበላን በኋላ፣ «አባ፣ አልከለክልም። እናቱ ግን አልጋ ላይ ናት። ጾሙ እስኪፈታ ከእኛ ጋር ይክረም፤ ፋሲካን አብረን እንፍታ። ከዚያ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ» አሉ። መነኵሴው ተስማሙ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ከፋሲካ በኋላ ልጃቸውን ይዘው ሄደው አስረከቡት። እናቱ በዚያው ክረምት ዐረፈች፤ ልጇን አይታ ነው። የይዋስፍ አባት ያገኘውን ጊዜ እርሷም አገኘች።

መደምደሚያ

ከዚህ ጉዞ በኋላ በረላም ወይዋስፍን የማስተምርበት መንገድ ተለውጧል። የመጽሐፉን መንገድ ዛሬም አስተምራለሁ፤ የነጥቧንም ነገር እነግራቸዋለሁ። አሁን ግን ከይዋስፍ መውጣት አስቀድሜ የምጠይቃቸው ስለ ቀሩት ሰዎች ነው። የምናኔ ታሪክ ሁሉ ሁለት ወገን አለው፤ የሄደውና የቀረው። ገድል የሚጻፈው ለሄደው ነው። የቀረው ሰው ድርሻ የተጻፈው በመጽሐፍ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው። ለንግሥ መሄድ፣ ስለት ማግባት፣ ጧፍና ዕጣን ይዞ ገደል መውረድ፣ ጠበል ቀድቶ መመለስ ለእኔ የዚያ ድርሻ ጽሕፈት ነው። ቤትና ገዳም በዚህ መንገድ ተያይተው ይኖራሉ። የገብረ ክርስቶስ አባት የተጐዳው ልጁ ደጁ ድረስ መጥቶ እርሱ ግን ወደ ልጁ የሚሄድበት መንገድ ስላጣ ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ገድላትን ሲያነብ የጻድቁን ተጋድሎ ብቻ ሳይሆን በመስኮት የቆመችውን እናት፣ በሜዳ የሚሮጠውን አባት፣ ስማቸው ያልተጻፈውን ዘመዶች ያያል፤ እነርሱም በየገድሉ ውስጥ አሉ።

ለትምህርት ክፍላችንም የሚነገር አለ። የግእዝን ትርጉም ሥነ ጽሑፍ የምናስተምረው ከበጅ እትምና ከማይክሮፊልም ነው። መጽሐፎቹ የተነበቡባቸውን ደጆች ያየን ጥቂቶች ነን። እኔ ያየሁት አንድ ገበሬ እጄን ይዘውኝ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ተማሪዎች ይዤ ወደ መንዝ ለመሄድ አስቤ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳካልኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በመንገዱ እንደ ልብ መሄድ አልተቻለም።

አባትየው ስልክ ይደውሉልኛል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ልጃቸው ወዳለበት ገዳም ለንግሥ ሲወርዱ ነበር፤ አሁን መንገዱ ሲዘጋ ይቀራሉ፤ ሲከፈት ይሄዳሉ። ባለፈው ሲደውሉ ጤንነቴን ከጠየቁ በኋላ፣ «መምህር፣ ያን መጽሐፍ አሁንም ያስተምራሉ?» አሉኝ። አስተምራለሁ አልኋቸው። «ደግ። ታዲያ ስለ አባትየው እንዳይረሱ» አሉና ስለ ዘንድሮው ማር ያወሩኝ ጀመር።